ሙቀትን በናኖ ቱቦ መረብ ለመግራት ስትሞክሩ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የአንዱን ቱቦ ቁጥር ለመረቡ መስጠት ነው። ነጠላ የካርቦን ናኖ ቱቦ (ከካርቦን አተሞች የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) በክፍል ሙቀት 3,000 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ሲያስተላልፍ ተለክቷል፤ በዘፈቀደ የተጠላለፈ ሽፋን ግን ከዚህ በአሥርና በመቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያንሳል። አስፋልቱ ምን ቢሰፋ በየከተማው መግቢያ ኬላ ካለ መኪናው ይቆማል፤ እዚህ ኬላው ቱቦ ከቱቦ የሚነካካበት ቦታ ነው። ሙቀቱ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ ረዣዥም ቱቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ደርድሩ፤ እንዲታገድ ከፈለጋችሁ ቱቦውን አሳጥሩ፣ መጋጠሚያውን አብዙ።

«መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ጮኸ፣ መረቡ ገጥሟል፣ ሙቀትም ያልፋል» ማለትስ? እባካችሁ ይብቃ! ኤፖክሲ (የሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ቱቦ ሲገባ ኤሌክትሪኩ በድንገት የሚዘለው በኤፖክሲው በኩል መሄጃ ስላልነበረው ነው፤ በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የቱቦውና የኤፖክሲው ልዩነት ከቢሊዮን እጥፍም ይበልጣል። ሙቀት ግን ድሮም በኤፖክሲው ያልፋል። የኤፖክሲውን 0.2 ዋት በሜትር በኬልቪን ከቱቦው 3,000 ጋር ብታነጻጽሩ 15,000 እጥፍ ቢሆን ነው፣ አብዛኛውንም መጋጠሚያው ይበላዋል። ስለዚህ የሙቀቱ መስመር ቀስ እያለ ይወጣል እንጂ አይዘልም። የኤሌክትሪክ ንባብ ይዞ ስለ ሙቀት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ያልለካውን ነው የሚጽፈው።

ሶኒኬተሩን (ቱቦውን በፈሳሽ ውስጥ በድምፅ ሞገድ የሚበትነውን መሣሪያ) ከፍቶ ትቶት መሄድ ቱቦውን ይሰባብራል።

ቱቦው በውሃ ውስጥ እንዲበተን የተጨመረውን ሳሙና በደንብ አለማጠብም አለ። በ2003 በታተመ ልኬት፣ በቱቦና በሳሙና ድንበር ላይ ያለው እገዳ 20 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ፕላስቲክ ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ነጠላ ግድግዳ ያለው ቱቦ ራሱ ስፋቱ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው! ከማጣሪያው የሚወርደው ውሃ ሲናጥ አረፋ መሥራት እስኪያቆም እጠቡ።

ጅማ ላይ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆንን ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በፈላ ውሃ ላይ ያደረቀ ሰው 100 ደረስኩ ብሎ እንዳይመዘግብ። በክረምት ደግሞ የደረቀው ሽፋን ጠረጴዛ ላይ ከቆየ እርጥበት ይስባል፤ ሲለካ ውሃው እየተነነ ሙቀት ይወስድና ቁጥሩን ያበላሻል። በምድጃ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ አድርቁ፣ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ጋር በተከደነ ዕቃ አቀዝቅዙ፣ ወዲያው ለኩ።

በሌዘር ፍላሽ (ናሙናውን በብርሃን ብልጭታ አሙቆ በሚለካ ዘዴ) የምታገኙት ሙቀቱ የሚሰራጭበትን ፍጥነት ነው፤ የማስተላለፍ አቅሙን ለማግኘት በጥግግትና በሙቀት አቅም ማባዛት አለባችሁ። ጥግግቱ የራሱ የሽፋኑ ይሁን፣ በሚዛንና በማይክሮሜትር የተለካ። ባዶ ቦታ የበዛበትን ሽፋን በግራፋይት ጥግግት፣ በ2.2 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር፣ ያባዛ ሰው ውጤቱን ብዙ እጥፍ ያሳብጣል። የተለካው በውፍረቱ በኩል ይሁን በጎኑ ሳይጻፍ ደግሞ ቁጥሩ ለማንም አይጠቅምም።