«ወላጅ አምጣ» እስኪባል መጠበቅ፦ በአሜሪካ ትምህርት ቤት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሲጠራ ነው። የሚጠራው ደግሞ ልጁ ሲደባደብ፣ መስታወት ሲሰብር ወይም ሲፎርፍ ነው። «ነገ ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ሰፈር ውስጥ ያገኘውን ጎረምሳ «እባክህ አጎቱ ነኝ በልልኝ» ብሎ የሚለምነውም ለዚህ ነው። ልጁ ጨዋ የሆነ ወላጅ ለምዝገባና ለካርድ ቀን ብቻ ብቅ ብሎ ይመለሳል። ማንም አይወቅሰውም። እንዲያውም መምህሩን አለመጨቅጨቅ እንደ ማክበር ይቆጠራል።

ይህን ልማድ ይዘን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ገባን። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ብቅ ያላለ ወላጅ «ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ነው» አይባልም፤ «ግድ የለውም» ነው የሚባለው። በወላጅና በመምህር መካከል ቁጭ ብዬ ሳስተረጉም ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለቱም ቅን ናቸው፤ ግን ይተላለፋሉ። ጥፋቱም የወላጅ ብቻ አይደለም።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እናቱንና መምህርቷን ሲያስተረጉም ደረስኩ። መምህርቷ «አሥራ አንድ የቤት ሥራ አላስገባም፣ በዚህ ከቀጠለ ይወድቃል» አለች። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ወሬ ያበዛል ነው የምትለው» አላት። እናት ደስ ብሏት ብድግ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ! ወሬው እንኳ የአባቱ ነው» ብላ መምህርቷን አቀፈቻት። መምህርቷ ግራ ገባት። ልጇ ሊወድቅ ነው የተባለች እናት ለምን ትስቃለች?

ይሄ ያስቃል። የማያስቀው ሌላው ነው። ስለ ወንድሟ ሕመም፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አባቷ ወረቀት እንድታስተረጉም የምትደረግ የአሥር ዓመት ልጅ አለች። ያ ለልጅ የሚሰጥ ሸክም አይደለም።

ደግሞም አያስፈልግም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ሰው እንዳያገል ይከለክላል። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች ትምህርት ቤቶች አስተርጓሚ ሲያቀርቡ የኖሩት በዚህ መነሻ ነው። ዲሲ በ2004 የራሷን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። የሜሪላንዱ ሞንጎምሪ ካውንቲና የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ የሚልኩትን ዋና ዋና መልእክት ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ክፍያ የለውም። ውለታም አይደለም።

ስልክ ደውለው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ይበሉ። ሌላ ምንም ማለት አያስፈልግም። ከዚያ ስልኩ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተቋርጧል ብሎ ይዘጋዋል። አይዝጉት፤ አስተርጓሚ እየፈለጉልዎት ነው። ለቀጠሮ ከሆነ ግን ቀኑ ሲቆረጥ ያኔውኑ ይንገሯቸው፤ በዕለቱ በር ላይ ቢጠይቁ ላይገኝ ይችላል።

የወላጅ አካውንት በልጅ ኢሜይል

ወላጅ የልጁን ውጤትና መቅረት የሚያይበትን፣ ፓረንትቪው ወይም ፓወርስኩል የሚባለውን አፕ ማን ከፈተልዎት? ልጅዎ ከሆነ አንድ ነገር ያጣሩ። የተመዘገበው ኢሜይል የማን ነው? ስንቱ ቤት ውስጥ «ልጅዎ ዛሬ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ አልነበረም» የሚለው ማስታወቂያ በቀጥታ የሚሄደው ለቀረው ልጅ ነው! ቀበሮ በግ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። የራስዎን ኢሜይል ያስገቡ፤ ፓስወርዱንም ይቀይሩ። ካልቻሉ መታወቂያዎን ይዘው ቢሮ ይሂዱ፣ ያስተካክሉልዎታል።

ማታ ማታ ከትምህርት ቤቱ በማሽን ድምፅ የሚመጣውን ጥሪም ብዙዎቻችን ሌባ ነው ብለን እንዘጋዋለን። አይፈረድብንም፤ በየቀኑ የሚደውል አጭበርባሪ ሞልቷል። የትምህርት ቤቱን ቁጥር በስሙ ሴቭ ማድረግ ይህን ይፈታል። ስልክ ሲቀይሩ ደግሞ ከዘመድ ቀድመው ለትምህርት ቤቱ ይንገሩ። ልጅ ታሞ ነርሷ የድሮ ቁጥር ላይ ስትደውል መዋሏ የተለመደ ነው።

«ስንተኛ ወጣህ?»

አንድ አባት የልጃቸውን ካርድ ይዘው በደስታ መጡ። ከላይ እስከ ታች 3 ነው። «ሦስተኛ ወጥቷል፣ በዚህ አገር ልጆች መሀል!» አሉኝ። ለመንገር ከበደኝ። እዚህ ብዙ ኤሌመንተሪ ትምህርት ቤት ደረጃ አይሰጥም። ከ1 እስከ 4 ያለው ቁጥር ልጁ ለክፍሉ የሚጠበቀውን ችሏል ወይስ አልቻለም የሚል ነው። 3 ጥሩ ነው፤ ችሏል ማለት ነው። አስቸጋሪው ሌላኛው ወላጅ ነው። ተራ ቁጥር መስሎት 2 ሲያይ «ሁለተኛ!» ብሎ ኬክ ይገዛል። 2 ግን ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ስለዚህ መምህሯን «ጎበዝ ነው?» ብለው አይጠይቁ። አሜሪካዊ መምህር ለዚህ ጥያቄ ሁሌም «ሂ ኢዝ ዎንደርፉል» ነው የሚለው። «ማንበቡ ከክፍሉ ጋር እኩል ነው ወይስ ወደ ኋላ ቀርቷል? በምን ያህል?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ ወረቀት ታወጣለች።

3 ሰዓት የማን ነው?

ይሄ ደግሞ የኛ ጣጣ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ቀጠሮ በማሽን አስተርጉሞ «3፡00 ሰዓት» ብሎ ላከ። እናትየው ያረጁ ሰዎችን ቤታቸው ሄዳ የምትንከባከብ ናት። ፈቃድ ለምና ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9 መሆኑ ነው፣ ከች አለች። ቀጠሮ የለሽም ብለው መለሷት። ከሰዓት 3 ሲሆን እሷ ሥራ ላይ ናት። መምህሩ ፋይሉ ላይ «ወላጅ አልተገኘችም» ብሎ ጻፈ።

ወላጅ ሆይ፣ «በፈረንጅ ነው? ጠዋት ነው ከሰዓት?» ማለት አያሳፍርም። ትምህርት ቤት ሆይ፣ ሰዓቱን ስትጽፍ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ በል። ቀንም እንደዚያው ነው። 10/5 እዚህ ኦክቶበር 5 ነው እንጂ ሜይ 10 አይደለም። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ተገልብጦ ከተሞላማ ልጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሸመግላል። ሁለተኛ ክፍል የሚገባው ልጅ በወረቀት ሃይስኩል ደረሰ ማለት ነው።

ስሙም ሌላ ራስ ምታት ነው። ልጅቷ ሰላም ከበደ፣ አባት ከበደ አለሙ፣ እናት ትዕግሥት በቀለ። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የአባት ስም። የቢሮዋ ሠራተኛ እናትየውን «ሚስስ ከበደ» ብላ ትጠራለች፤ ወይም ልጅ ልትወስድ ስትመጣ ስሟ አልገጠመም ብላ በር ላይ ታቆማታለች። ምዝገባ ላይ የእናትም የአባትም ስም መታወቂያቸው ላይ እንዳለው ይጻፍ። ልጁን መውሰድ የተፈቀደለት ጎረቤት ወይም አክስት ካለም በስሙ ይመዝገብ።

ሳይገባ መፈረም፣ ሳይገባ እምቢ ማለት

ልጅዎ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ትምህርት ውስጥ ሲገባ ደብዳቤ ይመጣል። ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ሊያሳውቁዎት ይገባል፤ አልፈልግም ማለትም መብትዎ ነው። «ልጄ እዚህ ነው የተወለደው፣ እንግሊዝኛ አይከብደውም» ብሎ በብስጭት ማስወጣት ግን ብዙ ጊዜ ልጁን ይጎዳል። መጫወቻ ሜዳ ላይ የሚወራው እንግሊዝኛና የሳይንስ መጽሐፍ እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ውጤቱን አሳዩኝ ይበሉ።

አይኢፒ ሲሉን ደግሞ እንደነግጣለን። «ልጄን እብድ ነው አሉት» ብላ እንባዋን እያፈሰሰች የወጣች እናት አውቃለሁ። እብድ አላሉትም። አይኢፒ ልጁ የሚሰጠው ልዩ እገዛ በጽሑፍ የሰፈረበት እቅድ ነው። አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምረው እርስዎ ፈቅደው ሲፈርሙ ነው። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ወረቀቶቹ ከስብሰባው 5 የሥራ ቀን ቀደም ብለው እጅዎ መግባት አለባቸው። ወረቀት ሲሰጥዎት «ይሄ ፊርማ መገኘቴን ነው ወይስ መስማማቴን?» ይበሉ። ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። የልጁን ፋይል ማየት ቢፈልጉም ይጠይቁ፤ በ1974 የወጣው ሕግ በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳዩዎት ያዛል።

ጥር ላይ አገር ቤት

ገናና ጥምቀት፣ ከዚያ ሰርግ። ሦስት ሳምንት ይሄዳል። 180 ቀን ከሚማር ልጅ ላይ 18 ቀን ከጎደለ «ክሮኒክ አብሰንት»፣ ማለትም መቅረት ያበዛ ይባላል፤ ቢያስፈቅዱም ይቆጠራል። ረጅም ከሆነ ከመዝገብም ሊሰርዙት ይችላሉ። ሳይሄዱ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። ለስቅለት፣ ለገና ወይም ለዒድ አንድ ቀን ለሚቀር ልጅ ግን አጭር ማስታወሻ ይበቃል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቹ

ማክሰኞ ከሰዓት በፈረንጅ 2 ሰዓት ላይ ስብሰባ ጠርቶ «ሀበሾች አይመጡም» ማለት ይቅር። አባት ኡበር ላይ ነው፤ እናት የሌሊት ተረኛ ናት፣ ያኔ ተኝታለች። አምስት ገጽ ፒዲኤፍ ማስተርጎምም መረጃ ማድረስ አይደለም። አጭር የድምፅ መልእክት በአማርኛ ቢላክ በዋትስአፕና በቴሌግራም በአንድ ማታ ሰፈሩን ያዳርሰዋል። ኢትዮጵያዊ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ አይደለም፤ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የምትፈልግ እናት ትኖራለች። መጠየቅ ነው።

የባህል ምሽት ሲሆን «እንጀራ ይዛችሁ ኑ» ይሉናል። ደስ ይላል፤ እንሄዳለን። ገንዘቡ የሚመደብበት ስብሰባ ላይ ግን ማንም አይጠራንም። በታይትል ዋን፣ ማለትም የድሃ ቤተሰብ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች በሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ፣ ከ500,000 ዶላር በላይ የሚያገኝ ዲስትሪክት ቢያንስ 1 በመቶውን ለወላጆች ተሳትፎ ማዋል አለበት፤ አጠቃቀሙ ላይም ወላጅ ሐሳብ መስጠት አለበት። አገር ቤት ወመህ (ወላጅ መምህር ኅብረት) ስንል የኖርነው ሰዎች፣ እዚህ ፒቲኤ ለሚባለው አቻው እንግዳ አይደለንም። ወንበር ሳቡልን።

ያቺ «ወሬው የአባቱ ነው» ያለች እናት በሚቀጥለው ወር ተመልሳ ተጠራች። በዚህኛው ቀን እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። አሥራ አንዱ የቤት ሥራ አሥራ ሦስት ሆኖ ነበር። አንድ በአንድ ነገርኳት። ልጁ የጫማውን ክር ሲያስር፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያስር ነበር። ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ሁሌ የሚሻማውን የመኪናውን የፊት ወንበር ትቶ ከኋላ ገባ።