የገና ጠላ ውቂያን አይጠብቅም

ጣና ዳር እርሻ ላላችሁ ቤተሰቦች፦ ታኅሣሥ ሲገባ ጤፉ አውድማ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ለውቂያ ወጥቷል፣ ገናም በ29 ከተፍ ይላል። ስለዚህ ጠላውን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ጌሾና ብቅሉን አሁኑኑ ጠንስሱ፣ ከዚያ ቂጣውን ጨምራችሁ ድፍድፉን ወፈር አድርጋችሁ ክደኑት። ወፍራም ድፍድፍ ብዙ ቀን ይቆያል፤ የሚቸኩለው ውሃ ከገባበት በኋላ ነው። የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ እንደ ደጋው አይታገስም፣ ቶሎ ያኮመጥጠዋል። ውሃውን በዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ጨምሩ። እንስራውን በግራዋ ፈትጋችሁ እጠቡና በደንብ ሲደርቅ በወይራ እጠኑት፤ እርጥብ ከሆነ ጭሱ አይይዘውም (ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል)።

ዶሮ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ቀደም በሉ፣ ዋዜማ ላይ ዋጋው አይቀመስም። ላባው አያታላችሁ፣ ደረቱን ዳበስ አድርጉት፣ አጥንቱ እንደ ቢላ ከሾለ ተዉት። የገዛችሁት ዶሮ ከዚያ የአውድማ ጥራጊ እየለቀመ ይሰንብት። ቅቤውንም በጾሙ መሃል አንጥሩት፤ እስከ በዓሉ የሚነካው የለም፣ ኮሰረቱም ይገባበታል።