መብራት መጣ፣ ሰርቨሩ ጠፋ

አባይ ማዶ ያለው ቤቴ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ስር፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ቀን ከሌት ይሰራል። ሰርቨሬ እሱ ነው። ዶከር (እያንዳንዱን ፕሮግራም ኮንቴይነር በሚባል የራሱ ክፍል ውስጥ ለይቶ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ጭኜበት የቤተሰቡ ፎቶና ፊልም እዚያ ነው ያለው። ባህር ዳር ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብርቅ አይደለም። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ንቅንቅ አይልም፤ ራውተሩ ግን ድርግም ይላል። ጣጣው የሚመጣው ከመብራቱ ጋር ነው።

ማታ ሲሰራ የነበረው ጠዋት ከስልክ እምቢ ካለ ኮንቴይነሩን ለማፍረስ አትቸኩሉ። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሳፈርስና ስገነባ ዋልኩ። ለካ ራውተሩ ሲነሳ የትኛውን አድራሻ ለማን እንደሰጠ ረስቶ የሰርቨሩን 192.168.1.34 ለእህቴ ስልክ አድሎታል! ቀኑን ሙሉ ሳንኳኳ የዋልኩት የእሷን ስልክ ነው። ሰርቨሩ ላይ "አይፒ ኤ" (ip a) የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ያለውን አድራሻ (አይፒ) እዩ፣ ከዚያ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ዲኤችሲፒ (አድራሻ አዳዩ) ከሚለው ክፍል የሰርቨሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ከአንድ አይፒ ጋር እሰሩት። አለቀ።

አይፒው ልክ ነው፣ ሰርቨሩ ላይም ይከፈታል፣ ስልክ ላይ ግን ወፍ የለም? "ዶከር ፒኤስ" (docker ps) በሉና የፖርቱን (አፑ የሚገባበትን የበር ቁጥር) ዓምድ እዩ። 127.0.0.1:8080 ካለ በሩ የተከፈተው ለሰርቨሩ ለራሱ ብቻ ነው፤ ለሌሎችም እንዲከፈት 0.0.0.0:8080 መሆን አለበት። ሪስታርት ማድረግ አይበቃም፣ ኮንቴይነሩን አጥፍታችሁ በትክክለኛው ፖርት እንደገና መፍጠር ነው። ዩኤፍደብሊው (የሊኑክስ ፋየርዎል) አለልኝ ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ዶከር የራሱን የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ትራፊክ ማጣሪያ) ህግ ስለሚጽፍ እንዲህ የተከፈተ ፖርት በጓሮ ዞሮ ይገባል። ዳታቤዝ በጭራሽ እንዲህ አትክፈቱ።

አፑ "ዳታቤዙን አላገኘሁም" ካለ ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ከአስሩ ሎካልሆስት ተብሎ ተጽፎ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ያው ኮንቴይነሩ ራሱ ነው፤ ጎረቤት ፍለጋ የራስን ጓዳ እንደማንኳኳት። ይሄ የገባው ሰው የዳታቤዙን ኮንቴይነር አይፒ 172.17.0.3 ብሎ ይጽፍና ይሰራለታል፣ ደስ ይለዋል፣ እስከሚቀጥለው ሪስታርት ድረስ። አይፒ የሚታደለው በአነሳስ ተራ ስለሆነ ዳታቤዙ ዘግይቶ ከተነሳ 3 ቁጥርን ሌላው ይወስደዋል። በስሙ ጥሩት። ችግሩ፣ ዶከር ሲጫን አብሮት የሚመጣው ኔትወርክ (ብሪጅ) ስም አያውቅም። ስለዚህ በ"ዶከር ኔትወርክ ክሪኤት" (docker network create) የራሳችሁን ፍጠሩና ሁለቱንም እዚያ አስገቧቸው። ያኔ 127.0.0.11 ላይ ያለው የዶከር ዲኤንኤስ ስሙን ወደ አይፒ ይፈታላችኋል። ኮምፖዝ (ብዙ ኮንቴይነር ከአንድ ፋይል የሚያስነሳው) የምትጠቀሙ ኔትወርኩን ራሱ ይፈጥርላችኋል፣ እናንተ ስሙን ብቻ ጻፉ።

ትንንሽ ገጽ እየከፈተ ትልቅ ፋይል መሃል ላይ ቀጥ የሚል ከሆነ ኤምቲዩን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን፣ በባይት) ጠርጥሩ። ዶከር 1500 ይዞ ይነሳል፣ በፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በፓስወርድ) የሚገባ መስመር ግን 1492 ነው። ኔትወርኩን ስትፈጥሩ ዝቅ አድርጉት።

ከቤት ውጭ አልገባም ላላችሁ፣ የራውተሩን የዋን (የኢንተርኔት በኩል) አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ ነው፤ ፖርት ፎርዋርድ (ከውጭ የመጣውን ወደ ሰርቨሩ ማሳለፍ) ብታደርጉ ድካም ነው። እኔ ቴልስኬል (መሣሪያዎቼን በግል መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን) ጫንኩና ተገላገልኩ፤ ድልድዩን ተሻግሬ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) ቁጭ ብዬ የቤቴን ፎቶ አያለሁ፣ መብራት ካለ።