ያዩትን አክሽንና ሳይንስ ፊክሽን ፊልም ለጠየቀዎ ሰው እንዴት ይነግሩታል?

ከሥራ መልስ ፒያሳ ማኪያቶ አዝዞ የተቀመጠ ሰው ጓደኛውን «ሰሞኑን ምን አየህ?» ብሎ ሲጠይቅ የፊልም ሂስ እንዲነበብለት ፈልጎ አይደለም። ማታ ቤቱ ሲገባ ከእንቅልፉ ሁለት ሰዓት የሚቀንስለት ፊልም ይኖር እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። «አሪፍ ነው» ቢባል ያንኑ ፊልም አስጭኖ ሊናደድ ይችላል፤ «ቀሽም ነው» ቢባል ደግሞ እሱ የሚወደው ዓይነት ፊልም ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ አስተያየት ሲሰጡ ዓላማዎ አንድ ይሁን፤ ሰሚው ከእርስዎ ጋር ባይስማማ እንኳ ፊልሙ ለእሱ ይሆን አይሆን እንደሆነ ከንግግርዎ መለየት ይቻለው። አክሽንና ሳይንስ ፊክሽን የሚለኩበት መለኪያ የተለያየ በመሆኑ ከዚህ በታች ለየብቻ አይቻቸዋለሁ፤ ከሁለቱም በፊት ግን አንድ የጋራ ጉዳይ አለ።

እሱም ፊልሙ በምን እንደታየ መናገር ነው። የመሀል ከተማው ነባር ሲኒማ ቤቶች በቅርብ ዓመታት ይበልጡን ያሳዩት የአማርኛ ፊልም በመሆኑ፣ አዲስ የውጭ አክሽን በትልቅ ስክሪን ማየት ያማረው የአራዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ቦሌ መውረድ ግድ ይለዋል። ጊዜውም ገንዘቡም የማይፈቅድለት ደግሞ በፍላሽ ያስጭናል ወይም ከቴሌግራም ያወርዳል። ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች በአንዱ ቆሞ የኮምፒውተሩን ዝርዝር ያነበበ ሁሉ ከአንዳንድ አዲስ ፊልም ስም ጎን «ካም» የሚል ምልክት ሳያይ አይቀርም። ይህ ከሲኒማ አዳራሽ ውስጥ በድብቅ የተቀረጸ ቅጂ ነው። ስክሪኑ ወደ አንድ ጎን ጠመም ይላል፣ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል፣ በዋናው ፍልሚያ መሀል አንድ ተመልካች ከወንበሩ ተነሥቶ ጥላው በስክሪኑ ግርጌ ያልፋል፣ እኛ ቀልዱ ገና ሳይገባን የማናውቃቸው ሰዎች ሲስቁ ይሰማል። በዚህ ቅጂ ያየ ሰው «ምስሉ ጨለመብኝ» ወይም «ድምፁ የታፈነ ነው» ቢል የፈረደው በፊልሙ ላይ ሳይሆን በቀራጩ ላይ ነው። «በካም ነው ያየሁት፤ ስለ ምስሉ አልናገርም፤ ታሪኩ ግን ይይዛል» ማለት ሐቀኛ አነጋገር ነው፤ ጓደኛዎንም ጥራት ያለው ቅጂ እስኪመጣ እንዲጠብቅ ሊያደርገው ይችላል።

በአማርኛ ትርጉም ካዩትም ይህንኑ ይጥቀሱ። አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር ይዞ፣ በየመሀሉ የራሱን ቀልድ እየጣለ የሚያስኬደው ትርጉም ራሱን የቻለ መዝናኛ ሆኗል፤ በበኩሌ አንዳንድ ደካማ ፊልሞችን እስከ መጨረሻ ያስቀመጠኝ ተራኪው እንጂ ታሪኩ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የተዋናዩን የራሱን ድምፅ ሳይሰሙ ስለ ትወናው መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ በትርጉም ያየ ሰው ስለ ፍልሚያው፣ ስለ ምስሉና ስለ ታሪኩ አካሄድ ቢናገር ይሻለዋል።

ሦስተኛው ችግር ከራሱ ከቴሌቪዥኑ የሚመጣ ነው። አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ፊልም ከፍቶ «ድራማ ድራማ አለኝ» ሲል ተሳስቷል አይባልም። ፊልም በአብዛኛው የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን፣ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴውን ለማለስለስ በምስሎቹ መካከል የራሳቸውን ምስል ይጨምራሉ። ለኳስ ጨዋታ የሚስማማው ይህ አሠራር ፊልምን በስቱዲዮ የተቀረጸ ርካሽ ተከታታይ ያስመስለዋል። በሳምሰንግ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፣ በኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ በሶኒ «ሞሽንፍሎው» በሚሉ ስሞች ከምስል ማስተካከያው ውስጥ ይገኛል፤ አጥፍተውት ፊልሙን እንደገና ይዩትና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ። ድምፅም እንዲሁ ነው። ለብዙ ድምፅ ማጉያዎች የተሰናዳ ፊልም በቴሌቪዥኑ ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ሲወጣ ንግግሩ ይሰምጣል፤ ድምፁን ሲጨምሩት ደግሞ ቀጣዩ ፍንዳታ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። በጆሮ ማዳመጫ ያዩት እንደሆነ ይህ ቅሬታ በአመዛኙ ይቀላል።

አሁን ወደ አክሽን እንግባ። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ዋናው ሰው ይተርፍ ይሆን ብሎ መጨነቅ ለአብዛኛው አክሽን የማይሠራ መለኪያ ነው፤ የሚያስኬደው ጥያቄ እንዴት ይተርፋል የሚለው ነው። ስለ ፊልሙ በጅምላ ከመናገር ይልቅ አንድ የፍልሚያ ወይም የማሳደድ ትዕይንት ይምረጡና ስለ እሱ ብቻ ይናገሩ። ትዕይንቱን ሲያዩ ማን የት እንደቆመ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ጥይቱ ከየት እንደመጣ ታውቆዎት ነበር? ካልታወቀዎ፣ ድካሙ የዐይንዎ ሳይሆን የኤዲቲንጉ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዳይሬክተሮች ተዋናዩ መታገል አለመቻሉን ለመሸፈን ካሜራውን ያንቀጠቅጣሉ፣ ቡጢው ሳያርፍም ሾቱን፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚታየውን አንድ ቀረጻ፣ ይቆርጣሉ።

መቆራረጥ በራሱ ግን ጥፋት አይደለም። በጆርጅ ሚለር ዳይሬክተርነት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 2700 የሚጠጉ ሾቶች አሉት፤ ሆኖም ተመልካቹ መንገዱ አይጠፋበትም። ምክንያቱ ዋናው ድርጊት በአብዛኛው በስክሪኑ መሀል እንዲውል ተደርጎ መቀረጹ ነው፤ ዐይን አዲሱን ነገር ፍለጋ ከጥግ ጥግ አይንከራተትም። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክሰል በዚሁ ሥራዋ ኦስካር አግኝታለች። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው «ጆን ዊክ» ሾቱን ረዘም አድርጎ ካሜራውን ራቅ በማድረጉ የተዋናዩን ሙሉ አካል ያሳያል፤ ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ራሱ የስታንት ባለሙያ (አደገኛ ትዕይንቶችን በተዋናይ ፈንታ የሚሠራ) ነበር፣ በ«ማትሪክስ» ላይም ለኪያኑ ሪቭስ ተተኪ ሆኖ ሠርቷል። ሁለቱን አካሄዶች ለይቶ የሚያውቅ ሰው «ሲደባደቡ ምንም አይታይም» ወይም «ምቱ ሁሉ ይታያል» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብዙ መናገር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ፍልሚያው ታሪኩ ላይ ምን እንደለወጠ ነው። ትዕይንቱን ቢያወጡት ፊልሙ ሳይጎድል የሚቀጥል ከሆነ፣ አምሮ ቢሠራ እንኳ ማሟያ ነው፤ ይህንንም ሳያጋንኑ መናገር ተገቢ ነው። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «የመጀመሪያው የመኪና ማሳደድ ልብ አንጠልጣይ ነው፣ ማን ማንን እንደሚከተል ይለያል፤ ከመሀል በኋላ ግን ሕንፃ በሕንፃ ላይ ማፍረስ ብቻ ይሆናል፣ እኔ እዚያ ላይ ስልኬን ማየት ጀመርኩ።» ይህን የሰማ ሰው ፍንዳታ የሚወድ ከሆነ ፊልሙን ያስጭናል፤ የማይወድ ከሆነ ይተወዋል።

በጨዋታው መሀል በወጣትነታቸው አምባሳደርና አምፒር ያዘወተሩ አንድ አዛውንት ካሉ «ፊልምስ የዱሮው ነበር፤ የዛሬው ሁሉ ኮምፒውተር ነው» ማለታቸው አይቀርም። ከእሳቸው ጋር መሟገት ጥቅም የለውም፤ በደፈናው «ልክ ነዎት» ማለትም አያስፈልግም። «ጋሼ፣ በዚህኛው ተዋናዮቹ እውነተኛ ጄት ላይ ተሳፍረዋል» ብሎ የተለየ ነገር መንገር ጨዋታውን ያሰፋዋል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ፊልም ሠሪዎች ሥራቸውን ሲያስተዋውቁ ሁሉም ነገር በእውን እንደተሠራ ማውራት ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ» ተዋናዮቹ በእርግጥ በተዋጊ ጄት የኋላ ወንበር ተቀምጠው ተቀርጸዋል፤ ያም ሆኖ በፊልሙ ውስጥ ኮምፒውተር የነካቸው ሾቶች ከ2000 በላይ ናቸው። የስታንት ባለሙያዎችን ድካም የሚያከብሩት አዛውንት የሚደሰቱበት ሌላም ወሬ አለ፤ የኦስካር አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ለሚወጡ ፊልሞች የስታንት ሽልማት እንዲኖር ወስኗል።

ሳይንስ ፊክሽን ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚጀምረው «ይኼ እኮ ሊሆን አይችልም» ከሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ለሳይንስ ፊክሽን ደካማው ትችት ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ አንድ የማይሆን ነገር እንዲፈቀድለት ይጠይቃል፤ ይፍቀዱለት። ከዚያ በኋላ ግን ራሱ ያወጣውን ሕግ ማክበሩን አጥብቀው ይከታተሉ። «ኢንተርስቴላር» በአንዲት ፕላኔት ላይ የሚያልፈው አንድ ሰዓት በምድር ላይ ሰባት ዓመት እንደሚሆን ይነግረናል። ሐሳቡ በስበት ምክንያት ጊዜ ይዘገያል ከሚለው የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ የመጣ ነው፤ የፊልሙ የሳይንስ አማካሪም በኋላ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ኪፕ ቶርን ነበር። ፊልሙን የሚያቆመው ግን የሳይንሱ ትክክለኛነት ብቻ አይደለም። ሕጉ ከተነገረ በኋላ በዚያች ፕላኔት ላይ የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ አባትን ከልጆቹ ስለሚያርቅ፣ ተመልካቹ ሰዓት እየቆጠረ ይጨነቃል። አንድ ፊልም በመጀመሪያው ሰዓት «ይህ መሣሪያ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ በመጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ ካሠራው፣ የሚወቀሰው በሳይንሱ ሳይሆን ቃሉን በማፍረሱ ነው። «የራሱን ሕግ ይጥሳል» ማለት ለጓደኛዎ ይበቃዋል፤ የት ላይ እንደጣሰ መናገር ታሪኩን ማበላሸት ነው።

ስለ ኢፌክት፣ ማለትም በኮምፒውተር ተሠርቶ ስለሚጨመረው ምስል፣ ሲናገሩ የፊልሙን አቅም ያስታውሱ። የጃፓኑ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» እ.ኤ.አ. በ2024 የኦስካርን የምስል ኢፌክት ሽልማት ሲወስድ፣ 610 የሚሆኑት የኢፌክት ሾቶች የተሠሩት በ35 ባለሙያዎች ነበር፤ የኢፌክቱ ኃላፊም ራሱ ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ነው። ከዚህ በኋላ «በጀት ስላነሰው ነው» የሚለው ምክንያት ለትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሊሠራ አይችልም። በአገራችን የተቀረጸው፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበትና የስፔኑ ሚጌል ያንሶ ዳይሬክት ያደረገው «ክራምብስ» (እ.ኤ.አ. 2015) ደግሞ ፍንዳታ ጠብቆ ለሚቀመጥ ሰው አይመከርም። በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ መርከብ፣ እንደ ውድ ቅርስ የሚቆጠሩ ያረጁ የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ዝግ ያለ ጉዞ ነው ያለው። እኔ እወደዋለሁ፤ ስመክረው ግን «ዝግ ያለ ነው፣ ሳትደክም እየው» ብዬ ነው። የፊልምን ፍጥነት አስቀድሞ መናገር በተለይ በሳይንስ ፊክሽን ብዙ ቅያሜ ያስቀራል፤ ዘርፉ ከመርከብ ጦርነት እስከ ዝምተኛ የሐሳብ ፊልም ድረስ ስለሚሰፋ፣ ስሙን ብቻ ሰምቶ የተቀመጠ ሰው የጠበቀውን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ታሪኩን እስከ የት መናገር ይገባል? ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዳያልፉ እመክራለሁ። «መጨረሻው ያስደነግጣል» ማለትም ያው መናገር ነው፤ ሰሚው ድንጋጤውን ሲጠብቅ ይከርማልና። ሰው «ታሪኩን አትናገርብኝ» ካለ ስለ ፊልሙ ርዝመት፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ከልጆች ጋር ይታይ አይታይ እንደሆነ መናገር ብቻ ይበቃል። ይህ የመጨረሻው በተለይ መዘንጋት የለበትም፤ ማታ ሳሎን ውስጥ ከእናትና ከታናናሾች ጋር የሚታይ ፊልም ድንገት ሌላ ትዕይንት ይዞ ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ የሚደረገውን ግርግር ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ፊልሙ ተከታታይ ክፍል ያለው ከሆነ ደግሞ ከፊተኞቹ የትኛው የግድ መታየት እንዳለበት ይጠቁሙ። «ጆን ዊክ»ን ከመሀል የጀመረ ሰው ፍልሚያው ይገባዋል፣ ቂሙ ግን አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን የ«ዱን» ሁለተኛ ክፍል በ2021 የወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል ሳያዩ መጀመር ከዚህም ይብሳል፤ አንድ ታሪክ ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ መሀሉ ላይ እንደ መግባት ነው። የፍላሹ ቦታ የሚበቃ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲያስጭን ይንገሩት፤ ቦታ ካነሰው ግን በመጀመሪያው ይጀምር።