እናት ወይም አባት ስታስታምሙ ፋርማሲስቱን ፈልጉት

እናታችሁን ይዛችሁ ጥቁር አንበሳ ወይም ዘውዲቱ ገብታችኋል እንበል። አልጋ ተገኝቷል፣ ሐኪሙን አውቃችኋል፣ ከነርሷም ተግባብታችኋል። አንድ ሰው ይቀራል፤ ፋርማሲስቱ። በመስኮት መድኃኒት የሚሰጠውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ዋርድ ገብተው ካርድ ያያሉ፣ ከሐኪሞች ጋር ራውንድ ይዞራሉ። ሁሉም ዋርድ ላይ ስለማይገኙ ነርሷን ጠይቁ። ከሌሉ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሂዱና የእናታችሁን መድኃኒቶች አንድ ላይ እንዲያዩላችሁ ለምኑ። ነገሩ የምር ልመና ያስፈልገዋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት መድኃኒት የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል፣ ለጎልማሳ ልክ የሆነው መጠን ለአዛውንት ሊበዛ ይችላል።

መጀመሪያ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ አምጡ። ስሙን በቃል መናገር አይበቃም፤ አንድ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ተገዝቶ ሁለቱም እየተዋጠ ሊሆን ይችላል። ትራስ ሥር ያለው ዳይክሎፌናክ፣ ጎረቤት ያካፈለቻቸው የእንቅልፍ ኪኒን፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ቫይታሚን፣ በየጠዋቱ የሚጠጡት ፌጦ፣ አንዱም አይቅር። ዳይክሎፌናክን በተለይ ያነሳሁት ለወገብና ለጉልበት ተብሎ እንደ ቀላል ነገር ስለሚወሰድ ነው። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒትና የሚያሸና የግፊት መድኃኒት አብረው በሚወስዱ ሰዎች ላይ ሲጨመር ግን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ይሄን ደግሞ ፌስታሉን ያየ ፋርማሲስት ቶሎ ይይዘዋል።

ቀጥሎ እውነቱን ንገሩት። ጸበል ሲሄዱ ኪኒኑን አቁመው ነበር? በሉት። ይጾማሉ? ይሄ ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ ወስደው እስከ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምሱ እናት ስኳራቸው ክፉኛ ሊወርድ ይችላል፣ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁም ይችላሉ። ማንም ጾሙን ተዉ ላይላችሁ ይችላል፤ መድኃኒቱን ወይም ሰዓቱን መቀየር የሚቻልበት መንገድ ካለ ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሚፈልግላችሁ ይሄው ባለሙያ ነው።

አዲስ ምልክት ባያችሁ ቁጥር "ከመድኃኒቱ ይሆን?" ብላችሁ ጠይቁ። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ያ ሳይታወቅ ለእብጠቱ ላሲክስ ይታዘዛል፣ ላሲክሱ ሽንት ያበዛል፣ እማማ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሉ አዙሯቸው ይወድቃሉ። አንዱ ኪኒን ሌላውን እየጠራ ዝርዝሩ የሚረዝመው እንዲህ ነው።

መድኃኒት ከውጭ ግዙ ስትባሉ፣ ከከነማም ሆነ ከቀይ መስቀል ፋርማሲ ያገኛችሁትን ከመሰጠቱ በፊት አሳዩ። የሚሊግራም ልዩነት አለ፤ 10 የታዘዘላቸው ሰው 5 ሊገዛላቸው ይችላል፣ ያኔ ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ ይቀየራል።

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁት የመውጫው ቀን ነው። ሁላችንም ቤት ለመግባት እንቸኩላለን፣ ታክሲው ውጭ ይጠብቃል፣ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ቆም በሉ። የትኛው ቆመ? የትኛው አዲስ ነው? የማንኛው መጠን ተቀየረ? እስከ መቼ ይወሰዳል? መልሱን በአማርኛ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ እናንተው መልሳችሁ ንገሩትና ካጠፋችሁ ያርማችሁ። "በቀን ሁለቴ" ብሎ ከመተው "ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት" ብላችሁ ጻፉ። ኪኒን የምታቀብለው የቤት ሠራተኛ ከሆነች እሷም ብትመጣ እሰየው፤ እኔ እንደውም ከልጆቹ ሁሉ እሷ ትቅደም ባይ ነኝ።

ቤት ስትገቡ የቆሙትን መድኃኒቶች ለይታችሁ አውጡ፤ ከአዲሶቹ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይደሩ። በራሳችሁ ግን ምንም አታቁሙ። አቴኖሎልን የመሰለ የግፊትና የልብ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልብ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ካዞራቸው፣ ከወደቁ ወይም ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወረቀቱንና ፌስታሉን ይዛችሁ ሂዱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሆነው ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ መጀመሪያ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ስጧቸው።