«አይ ሰቨን ነው» ቢሉህ ቶሎ ብር አትቁጠር

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለ። «አጎቴ፣ ፒኤስ ፋይቭ (ፕሌይስቴሽን) ልግዛ ወይስ ፒሲ ላሰራ?» ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር ስጠግን ስለምውል ጥያቄው አዲስ አይደለም። «ሌላ ምን ትሠራበታለህ?» አልኩት። «ምንም፣ ጌም ብቻ።»

ለጌም ብቻ ከሆነ ኮንሶል፣ ማለትም ፒኤስ ፋይቩን ግዛ፣ አለቀ። ፒኤስ ፋይቭ እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ቢወጣም 16 ጊጋ ሜሞሪና ፈጣን ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት) አለው። ጌም ሠሪዎቹም ለእሱ ልክ አድርገው ነው የሚያዘጋጁት። በዚያው ብር እሱን የሚያህል ፒሲ መገጣጠም ይከብዳል። ጌሙ በዲስክ የሚገባበትን ምረጥ፣ ሁሉን ከኢንተርኔት ማውረድ አይቻልም። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለው ጌም ለምሳሌ በፒሲ 150 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል። ያን ያህል ፋይል በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ለማውረድ፣ ሳይቋረጥ 33 ሰዓት ገደማ ነው። ሳይቋረጥ!

ያገለገለ ፒሲ ከሆነ ግን ዓይንህን ክፈት። ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ «አይ ሰቨን ነው» ሲልህ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቅ። 4770 ካለህ አራተኛ ትውልድ ነው፣ የ2013 ዕቃ። ስሙ ዝቅ ቢልም 12100 የሚል አይ ስሪ ይበልጠዋል። ቀጥለህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ግባና ጂፒዩን (ግራፊክሱን) ንካ። «ዴዲኬትድ» የሚለውን እይ። 128 ሜጋ ብቻ ካለ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ አመስግነህ ውጣ። «ሼርድ» የሚለውን ትልቅ ቁጥር እያሳየ እንዳይሸውድህ፤ እሱ ከራም የሚበደረው ነው። ዴዲኬትዱ 4 ጊጋ ከሆነ ለቆዩት ጌሞች ይበቃል። ለአዲሶቹ ከባዶች ከ8 በታች አልመክርም። ኤስኤስዲም ይኑረው። በድሮው ሃርድ ዲስክ ጌሙ እስኪከፈት በረካ ይደርሳል።

በፓወር ሰፕላይ (ለፒሲው መብራት በሚያከፋፍለው ሳጥን) አትቆጥብ። እኔ አንዴ ርካሹን ገጠምኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ አለ፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ኮንሶልም ቢሆን ስታብላይዘር ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፣ መጥቶ ሲረጋ ሰካ።

ልጁ ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ለነገሩ የሠርግ ቪዲዮም ኤዲት ማድረግ ጀምሬያለሁ» አይለኝም! ይሄን ሁሉ ካስለፈለፈኝ በኋላ። እንግዲያ ፒሲ ነው፤ ቀን ያበላሃል፣ ማታ ያጫውትሃል። አብሽር፣ ቅዳሜ ደሴ ና፣ አብረን እንገዛለን አልኩት። ብሩን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።