ስህተትን ገና ሲጻፍ የሚይዝ የክላስ ውርስ በጃቫ እንዴት ይሠራል?

ለምሳሌ የክፍያ ፕሮግራም እንውሰድ። ጥሬ ገንዘብ፣ የባንክ ዝውውርና የሞባይል ገንዘብ አሉ፤ ሦስቱም «ክፍያ» ከሚባል ወላጅ ይወርሳሉ። ጃቫ 21 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልግዎታል።

1. ወላጁ ላይ ምን እንደሚቀመጥ ይወስኑ። ወላጁ እችላለሁ ያለውን ልጆቹ ሁሉ መቻል አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ገንዘብ መልስ» የሚለውን ሜተድ (ክላሱ የሚሠራውን ተግባር) ክፍያ ላይ ያስቀምጥና፣ ጥሬ ገንዘብ ጋ ሲደርስ አልሆን ስለሚለው አንሰፖርትድ ኦፐሬሽን ኤክሰፕሽን («ይህን ማድረግ አልችልም» የሚል ስህተት) ያስወረውረዋል። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ከመሥራቱ በፊት ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ምንም ሳይል ያሳልፈዋል፤ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ደንበኛ ፊት ነው። (ጃቫ ራሷም ከዚህ ንጹሕ አይደለችም፤ በሊስት ኦፍ በተሠራ ሊስት ላይ አድ ብለው ይሞክሩት።) ይልቅ «ተመላሽ» የሚባል ሁለተኛ ኢንተርፌስ (ወራሾቹ ምን መቻል እንዳለባቸው የሚናገር ውል) ሠርተው ለባንክ ዝውውርና ለሞባይል ገንዘብ ብቻ ይስጡ። መላሹ ሜተድ «ተመላሽ»ን ብቻ ከተቀበለ፣ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጠውን መስመር ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም።

2. ክፍያን ሲልድ (ከተዘረዘሩት በቀር ማንም የማይወርሰው) ኢንተርፌስ ያድርጉት፤ ከፐርሚትስ ቀጥሎ ሦስቱን ልጆች ይዘርዝሩ። ልጆቹ ሪከርድ (ዳታ ለመያዝ የሚሠራ አጭር ክላስ) ይሁኑ፤ ሪከርድ በራሱ ፋይናል ስለሆነ ማንም አይወርሰውም። ሞጁል ካልተጠቀሙ አራቱም አንድ ፓኬጅ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው።

3. የአገልግሎት ክፍያ የሚያሰላውን ሜተድ ዋጋ በሚመልስ ስዊች (ከብዙ አማራጭ ኬዞች የሚስማማውን በሚመርጥ ትእዛዝ) ይጻፉ፦ ለእያንዳንዱ ታይፕ አንድ ኬዝ። ዲፎልት (የቀረውን ሁሉ የሚወስድ ኬዝ) አይጨምሩ! ነገ «ቼክ» የሚባል አራተኛ ልጅ ሲመጣ፣ ቼክን የዘለለውን ስዊች ሁሉ ኮምፓይለሩ በፋይል ስምና በመስመር ቁጥር ያወጣልዎታል። ዲፎልት ካለ ግን ዝም ይላል፤ ቼኩም የሌላ ክፍያ ሂሳብ ይታሰብበታል። ስዊቹ ነልን (ምንም ነገር የሌለበትን ባዶ ዋጋ) አይሸፍንም፤ ነል ከመጣ ኬዝ ነል ካልጻፉ በቀር ነል ፖይንተር ኤክሰፕሽን ይነሣል።

4. ብዙ ክፍያ በአንድ ላይ ሲይዙ አሬይን ትተው ሊስትን ይምረጡ። ጃቫ የጥሬ ገንዘብ አሬይ የክፍያ አሬይ ለሚጠብቅ ሜተድ ሲሰጥ አትከለክልም፤ ሜተዱ የባንክ ዝውውር ሊያስገባበት ሲል ግን አሬይ ስቶር ኤክሰፕሽን ይነሣል፣ ያውም ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ። የጥሬ ገንዘብ ሊስት ግን የክፍያ ሊስት በሚጠበቅበት ቦታ ገና ከኮምፓይለሩ አያልፍም። ሜተዱ የሚያነብ ብቻ ከሆነ የሊስቱን ታይፕ «ጥያቄ ምልክት ኤክስቴንድስ ክፍያ» ብለው ይጻፉ፤ ያኔ የማንኛውንም ልጅ ሊስት ይቀበላል፣ ከውስጡ ክፍያ ያወጣል፣ ከነል በቀር ግን ምንም ማስገባት አይችልም።